ሰማይ የቀረጸው ካሜራ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሚሊሜትር በሚል ቅጽል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ስናደድ። ሥራችን የሞተር ሳይክል ዕቃ ነው። እኔ ከፊት ሱቁ ውስጥ ሄልሜት፣ መስታወትና ጓንት እሸጣለሁ፤ እሱ ከኋላ ግቢው ውስጥ ይገጥማል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቡሎን «ይበቃዋል» ብሎ ሲተው አላየሁትም። የግድግዳ ሰዓት ለመስቀል እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሰቅሎ ሲጨርስ ደግሞ ወንበር ስቦ ይቀመጥና አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያጋደለ ሲያየው ይቆያል። ያበግነኛል። ግን ሰው ከሩቅ ሰፈር ድረስ ፈልጎት የሚመጣው ለዚሁ ጠባዩ ነው።

እነዚያ መሪ ላይ የሚታሰሩት ትንንሽ ካሜራዎች ከመጡ ወዲህ ሥራችን በዛ። ዕቃ አድራሹ ሁሉ፣ ነገ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ምስክሬ ነው እያለ ያስገጥማል። ባሌ ለዚህ ሥራ የራሱ ደንብ አለው። ባለሞተሩን ኮርቻው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከኋላ የሚጭነውን ሳጥንም ሞልቶ እንዲጭን ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ካሜራውን የሚያስተካክለው። ሰውና ጭነት ሲያርፍባት ሞተሯ ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ቀና ትላለች፤ ካሜራውም አብሯት ቀና ይላል። ባዶዋን በመሃል መቆሚያዋ አቁሞ ማስተካከል ለእሱ ነውር ነው። ያኔ የኋላ ጎማዋ ይንጠለጠላል፣ አፍንጫዋ ይደፋል፤ እዚያ ላይ ቀጥ ያለ የመሰለው ካሜራ መንገድ ላይ ሲወጣ ሽቅብ ያያል።

ዝግታ የሚሉት ሞተረኛ አለ። ለመድኃኒት ማከፋፈያ ነው የሚሠራው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሲነዳ እንቁላል የተሸከመ ይመስላል እያሉ ይስቁበታል። እኔን እትዬ፣ ባሌን ጋሼ ይለናል። ካሜራ ሊያስገጥም የመጣ ቀን ግቢው በሰው ጢም ብሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሳጥኑን ማከፋፈያው ውስጥ ትቶት መጥቷል።

«ሂድና ሳጥንህን ጭነህ ተመለስ» አለው ባሌ።

እኔ ምን አገባኝ? ግን ገባሁበት። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። አንድ ቀን እንኳ ፈጠን ብትል ምን አለበት?» አልኩት፣ በሰው ፊት። ቀና ብሎ አየኝና ሞተሯን በመሃል መቆሚያዋ እንደቆመች ካሜራውን አሰረላት። ዝግታ አመስግኖ ሄደ። እኔም በሆዴ፣ ሲፈለግ ይቻላል ለካ፣ አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ተጋጨ። ከፊቱ ቀስ ትል የነበረችን መኪና በግራ በኩል ሊያልፋት ሲል ድንገት ታጠፈችበት። ባለመኪናው፣ ፍሬቻ አብርቼ ነው የታጠፍኩት፣ አለ። ዝግታ፣ ፍሬቻ የሚባል አላበራም፣ አለ። ካሜራው ሲከፈት ከታች የሞተሯ መብራት ጀርባ፣ ከላይ የፎቅ ጫፍና ደመና ብቻ ታየ። መኪናዋ የለችም። የትራፊክ መርማሪውም፣ ካሜራ አስገጥመህ ወደ ሰማይ የምታዞረው የምትደብቀው ነገር ቢኖርህ ነው፣ አለው።

እጁን በጀሶ አሳስሮ ወደ እኛ መጣ። «እትዬ፣ ካሜራው ሲገጠም ጀምሮ እንደዚህ እንደነበር አንድ ወረቀት ጻፉልኝ። ጥፋተኛ ከተባልኩ መንጃ ፈቃዴን ይይዙታል፤ ከዚያ እንጀራዬ አለቀ ማለት ነው።»

ባሌ ከኋላ በር ላይ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማል። እኔ ግን ቀደምኩት። ከበራችን በላይ «ሚሊሜትር» የሚለው ጽሑፍ ነው የታየኝ፤ ነገ ገበያው ውስጥ የሚሳቅብን ሳቅ ነው የተሰማኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጉልበትህ ገጭቶት ይሆናል» አልኩት። «መሪውን ስትጠመዝዝ ጉልበት ይነካዋል እኮ፤ ሰው ደግሞ አይታወቀውም።»

ዝቅ ብሎ ጉልበቱን አየ። «እኔ ምንም አልታወቀኝም እኮ፣ እትዬ።»

«ማንም አይታወቀውም» አልኩት።

ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ ብሎኝ ወጣ። አስቸገርኳችሁ አለኝ፣ እኔን።

ምሳ ላይ ባሌ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ባዶዋን ነው ያስተካከልኳት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሄጄ ልንገራቸው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የለፋህበትን ስም ልትደፋው ነው?» አልኩት። «ምናልባት ሳትሄድም ነጻ ይሉት ይሆናል።»

ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አንቺ ነሽ ያጣደፍሽኝ ቢለኝ፣ እኔም አፍ አላጣም ነበር፤ ተጨቃጭቀን ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ስምንት ቀን ሙሉ አንዱን ካሜራ ሦስት ጊዜ እየፈታ ያስራል፤ የሰው ዓይን አያይም። እኔ ደግሞ ሄልሜት እየሸጥኩ፣ ሒሳብ እየመለስኩ፣ ውስጤ አላርፍ አለኝ። ውሸት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ፣ ለማያምርበት ሰው ያምርብሃል ስል ኖሬያለሁ። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ሰውየው ጉልበቱን ያየበት አስተያየት ከፊቴ አልሄድ አለ። ጥፋተኛ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ። አንዴ በማጣደፌ፣ አንዴ በአፌ።

በስምንተኛው ቀን ገና ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋሁና «ተነስ» አልኩት። ወዴት ብሎ አልጠየቀኝም። ለካ ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎበት፣ የቱታው ኪስ ውስጥ ይዞት ሰንብቷል።

ዝግታ የሚኖረው አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው። የማከፋፈያው የሥራ ጃኬት ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በፌስታል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በደህና እጁ ወንበር ሊያቀርብልን ሲታገል ባሌ ነጠቀው።

«ጋሼ፣ በከንቱ ደከማችሁ። አልቋል» አለ። «ትናንት ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩ። መንጃ ፈቃዴን ለአንድ ዓመት ያዙት። ጃኬቱንም ነገ እመልሳለሁ።»

«ያላጠፋኸውን ለምን ትፈርማለህ?» አለው ባሌ።

«እሱማ መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ። ፍሬቻ እንዳላበራ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እምል ነበር። በኋላ እትዬ ስለ ጉልበቴ ሲነግሩኝ አሰብኩ። በቀን ስንት ጊዜ ካሜራውን ስገጨው ካልታወቀኝ፣ ፍሬቻውም በርቶ አላየሁት ይሆናላ። እኔ የማላስተውል ሰው ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ሆኜ በሰውየው ላይ እንዴት ልማልበት?»

ባሌ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ወንበር ቀርቦልኝም አልተቀመጥኩም።

«ጉልበትህ አልነካውም» አልኩት። «ካሜራው ከመጀመሪያውም ተዛብቶ ነው የተገጠመው። እንዲጣደፍ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የዋሸሁህ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አንስቶ ሁለት ጊዜ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ።

«እንግዲያው፣ እትዬ» አለኝ፣ «ፍሬቻው አልበራም ነበር?»

ሲጋጩ እዚያ የነበረው እሱ ነው። የጠየቀው ግን እኔን ነው።