ጠጅቱ ለገዢዎቹ የጻፈችው

ጠጅቱ ሰቦቃ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የአበባ እርሻ አምስት ዓመት ሠርታለች። እርሻው ካረፈበት መሬት ጥቂቱ የአባቷ ነበር። እሷ በኮሌጅ ዲፕሎማዋ እዚያው ሽያጭ ክፍል ስትቀጠር አባቷ አልከለከሏትም፤ ግን ቤት ውስጥ ስለ ሥራዋ ተወርቶ አያውቅም።

ሥራዋ ኢሜይል መላክ ነበር። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የጽጌረዳ ዓይነቶች ከነፎቷቸው አዘጋጅታ ውጭ አገር ላሉ ሁለት መቶ ያህል ገዢዎች ትልካለች። በ2008 ክረምቱ ሊገባ ሲል መልስ የሚሰጣት ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ተሾመ፣ "እንግሊዝኛሽ ነው ያባረራቸው" አላት። አመነችው። አንድ ወር ሙሉ ደብዳቤውን ስትጽፍና ስትሰርዝ ከረመች። በመጨረሻ አንዲት የቆየች ደንበኛ ከሆላንድ ደውላ፣ "ኢሜይላችሁ ስፓም፣ ያ የማይፈለግ መልእክት የሚጣልበት፣ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ዛሬ ሌላ ነገር ስፈልግ አገኘሁት" አለቻት።

የድርጅቱን ዶሜን፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ ስሙን፣ የሚያስተዳድረው አሥራት የሚባል ባለሙያ አዲስ አበባ ነበር። ዓለም ገና ላይ ተቃዋሚዎች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውት ስለነበር ከሚኒባስ ወርዳ ረጅሙን መንገድ በእግሯ ሄደች።

"በጅምላ የምትልኩበትን አገልግሎት ቀይራችኋል አይደል?" አላት አሥራት።

"ሚያዝያ ላይ።"

"ታዲያ ዶሜኑ ላይ አላስመዘገባችሁትም። ማንም አጭበርባሪ በእናንተ ስም ኢሜይል መላክ ይችላል። ስለዚህ የተቀባዩ ኢሜይል ሰርቨር፣ ይሄ ላኪ የተፈቀደለት ነው ወይ ብሎ ዶሜናችሁን ያጣራል። ማረጋገጫ ሲያጣ ስፓም ውስጥ ይጥለዋል። እንግሊዝኛሽ ምንም አላደረገም።"

አዲሱን አገልግሎት ከተፈቀዱት ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባላት። እያንዳንዱ ኢሜይል በዲጂታል ፊርማ እንዲወጣም አደረገ። በስማቸው ማረጋገጫ የሌለው ኢሜይል ቢመጣ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ደንብ ግን ለጊዜው አላጠበቀውም። "መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ ይላክልን፤ ቸኩለን የራሳችንን ኢሜይል እንዳናሳግድ" አላት። እሷም ዓመት ሙሉ ኢሜይሉን ከፍተው የማያውቁ አድራሻዎችን ከዝርዝሯ አወጣች።

ነሐሴ ላይ መልስ መምጣት ጀመረ። የበሩ ጥበቃ ኦቦ ዲሪርሳ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ፊትሽ በርቷል" አሏት።

"ፈረንጆቹ መለሱልኝ፣ ኦቦ።"

"እሰይ! ድሮስ የት ሊደርሱ!" ብለው ሳቁ።

መስከረም 2009፣ ቢሾፍቱ እሬቻ ላይ ያ ሁሉ ሰው ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ብዙ ሰው ወደ እርሻው መጣ። መካከላቸው ጠጅቱ የምታውቃቸው የሰፈሯ ልጆች ነበሩ፤ ወንድሙ ከቢሾፍቱ ያልተመለሰለትም ነበር። እሳት ተለኮሰ፤ የአበባ ቤቶቹ ፕላስቲክ እየነደደ ወረደ። ኦቦ ዲሪርሳ ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ የቀሩ ሁለት ሴቶችን አወጡ። ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ተመልሰው ገቡ። ማንም አልነበረም። እሳቸው አልወጡም።

በማግስቱ ጠዋት ተሾመ ጠራት። የስልክ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ከእሳቱ የተረፈው የቢሮው መስመር ይሠራ ነበር።

"ለገዢዎቹ ጻፊ። ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሰው አልተጎዳም፤ በቅርቡ መላክ እንጀምራለን በይ።"

"ኦቦ ዲሪርሳ እኮ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀበሩት።"

"አውቃለሁ፤ እኔም እመጣለሁ። ገዢው ከሸሸ ግን አራት መቶ ሠራተኛ ነው የሚበተነው።"

ላከችው። ሁሉም ዘንድ ደረሰ። ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ጎረፈ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ "እፎይ አልን"። የሆላንዷ ደንበኛ፣ "ሁላችሁም ደህና በመሆናችሁ አለቀስኩ" ብላ ጻፈች። ጠጅቱ ይህን አንብባ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ለቀብሩ ወጣች።

ቀብር ላይ የኦቦ ዲሪርሳ ባለቤት እማማ እናትነሽ አንገቷን አቅፈው፣ "ሰው ሲያወጣ መሞቱን ለውጭዎቹም ነገራችኋቸው አይደል?" አሏት።

ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ እንዲህ ብላ ላከች፦ "ባለፈው ሳምንት ሰው አልተጎዳም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የጥበቃ ሠራተኛችን ዲሪርሳ ቱሉ ሁለት ሴቶችን ከእሳት አውጥተው ሞተዋል። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር።" ከሥሩ የራሷን ስም ጻፈች።

ከምሳ በፊት ተሾመ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። አልጮኸም። "ምን አገኘሽበት?" አላት። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል እዚያው እያለች ተቀየረ።

እርሻው ተመልሶ አልተከፈተም። ለመጠገኛ የተባለው ፕላስቲክ ሳይመጣ ቀረ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ሠራተኛው ሁሉ ተሰናበተ። በከተማው ግን በደብዳቤዋ እርሻውን ያዘጋችው እሷ ናት ተባለ። ማሸጊያ ክፍል አብረዋት ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሴቶች ገበያ ላይ ሲያዩዋት ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ቡራዩ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አግኝታ ሰበታን ለቀቀች።

ከመሄዷ በፊት እማማ እናትነሽ ዘንድ ሄዳ የሰኞውን ደብዳቤ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። የባላቸው ስም ያለበትን ደግመው አስነገሯት።

"ምን ብለው መለሱ?" አሏት።

"አላየሁም፣ እማማ። ኢሜይሉን ዘግተውብኛል።"