በሁለት ላም ጋዝ ይወጣል ወይ?

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ዱራሜ፣ ከከብት እበት ጋዝ አውጥታ የምታበስለው ታላቅ እህቴ አማረች ዘንድ ነው። የባለቤቴን የወርቅነሽን ዓይን የማገዶ ጭስ ጨርሶታል። ሐኪሙ "ከጭስ ካልራቀች መድኃኒቱ ዋጋ የለውም" ብሏል። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው ለሀብታም ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከተማሩ በኋላ ስለሆነ ያየሁትን እንጂ የማሳምረውን አልጽፍም።

አንጋጫ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ዘመድ ናችሁ" እያለ በሦስት ሰው ወንበር አምስት ጫነን። የእሱ ዘመድ ግን ብሩ ነው! አንጋጫ ሻይ በዳቦ ቀመስኩ፤ ዳቦው ከመዳፌ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ከአምናው እጥፍ ነው። መንገድ ዳር በጆንያ የተደረደረውን ድንች ሳይ ግን፣ ረሃብስ የለም ብዬ ንዴቴ በረደ።

ዱራሜ፣ አምስት ሰዓት

አማረች እጇ እስከ ክርኗ በእበት ተለውሶ ተቀበለችኝ። እበቱን በውሃ አቅጥና መሬት ውስጥ ወደተገነባው ዝግ ጉድጓድ ትለቀዋለች፤ እዚያ ሲብላላ ጋዝ ይሆናል። በቱቦ በመጣው ጋዝ ላይ ክብሪት ስትጭር ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። ጎመን ቀቀለችልኝ። ጭስ የለ፣ እንባ የለ።

"እታለም፣ ስንት ላም ይፈልጋል?"

"አራት።"

"እኔ ያለኝ ሁለት ነው።"

"እንግዲያ ለሻይ ይበቃሃል!" ብላ ሳቀችብኝ። "ለመሆኑ ወርቅነሽን ጠይቀሃታል?"

"ምን ብዬ?"

"አንተ ሰውዬ! እበቱ የማን ነው? ዝቆ፣ ተሸክሞ እንሰቱን የሚያለብሰው ማን ነው? ያለ እበት እንሰት አለ? ያለ እንሰትስ ምን ትበላለህ?"

በአገራችን እበት የሴት ነው፤ እኔ ነክቼውም አላውቅ። አዝናልኝ ነው መሰለኝ፣ ጋዙን ሰጥቶ ከጉድጓዱ በወዲያ በኩል የሚወጣውን ዝቃጭ አሳየችኝ። እሱን ነው እንሰቷ ሥር የምታፈሰው። እንሰቷ ከእኔ እንሰት ይወፍራል፤ ቀናሁ።

ሆሳዕና፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ወርቅነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እሳት ታቀጣጥላለች። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳትና "ሁለት ላም አይበቃም፤ ቀርቷል" አልኩ።

"ማን አስቀረው? ታደለች ሁለት ላም የላትም?"

ታደለች አጥር የምትጋራን የሟች ወንድሜ ሚስት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች።

"ሴቶቹ ወተት እያዋጣን በተራ ቅቤ እናወጣ የለ? ከታደለች ጋር ደግሞ እበቱን እናዋጣለን። ወጡን ባንድ ምድጃ እንሠራለን፣ ዝቃጩን በተራ ለእንሰታችን እናፈሳለን።"

"ጉድጓዱስ የት ይቆፈር?"

"አጥሩ ላይ ነዋ!"

ስለ እሷ ዓይን ዱራሜ ድረስ ስሄድ አንድ ቃል አልጠየቅኳትም ነበር። የመንገዱ ትምህርት ይኸው ነው፤ ለጅል ሰው ትንሽ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት በገዛ እጄ ያጠርኩትን አጥር ማፍረስ ጀመርኩ። እሁድ እሺ ያለችን ታደለች የእበት ባልዲዋን ይዛ ከወዲያ ቆማ ትጮህብኛለች፦

"ቀስ በል እንጂ! ቤቴንም እንዳታፈርሰው!"