ሐምራዊው ቀበሮ

ይህ የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ባሌ ውስጥ ሮቤ ከተማ በማስተምርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ግን አልረሳሁትም። መጽሐፍ መደብር ገብቼ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁት በዚያው ዓመት ነበር። አማርኛ ነበር የማስተምረው። ተማሪዎቼ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሌላ የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ከየቤታቸው የሰሙትን ተረት እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ገሚሱን በኦሮምኛ ስለነገሩኝ፣ ያስቸገረኝን ዘይነባ ተረጎመችልኝ። ዘይነባ የሮቤ ልጅ ናት፤ ሒሳብ ታስተምራለች፤ በሰው ሳትቀልድ ውላ አታውቅም።

ዋናው ተረት ሳነቴ ተራራ ላይ ስለሚኖር አንድ አታላይ ቀበሮ ነው። ጅቡን በየጊዜው እያታለለ ሲሳዩን ይወስድበታል። በመጨረሻ ጅቡ ተናዶ አገር ጥሎ ይሄዳል።

ማተሚያ ቤት መላክ የማይታሰብ ነበር። በትምህርት ቤቱ ማባዣ መሣሪያ እንድጠቀም ዳይሬክተራችን ጓድ በላቸው ፈቀዱልኝ፤ ወረቀቱን ራሴ ቻልኩ። አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ስቴንስል የሚባል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት አለ። በጽሕፈት መኪና ሲመቱት ፊደሉ ሰሙን ይበሳል። ከዚያ ማባዣው ላይ ይለጠፋል፤ እጀታው ሲዞር ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ንጹሑ ወረቀት ላይ ያርፋል። የውስጡ ገጽ በዚህ ዓይነት አለቀ። ሽፋኑ ግን በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ፊደሉንም ቀለሙንም መምረጥ የኔ ፋንታ ሆነ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ርእሱን እንደ ብራና መጽሐፍ በወፍራም ቁም ጽሕፈት ጻፍኩት። በጣም ወደድኩት። ዘይነባ አየችና ሳቀች።

«ይህን እናቴ ቤት ይዤ ብገባ ድርሳን መስሏት ከደጅ ትመልሰኛለች» አለችኝ። «ግማሹ ተማሪህ እስላም ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

እውነቷን ነበር። ሁለተኛውን በማስመሪያ እያሰመርኩ ማዕዘን ባላቸው ትልልቅ ፊደላት ሠራሁት።

«ይኼስ?»

«ይኼ መፈክር ነው። ከሥሩ ይውደም ብለህ ጨምርበት።»

ፊደሎቹን ስመለከት በእርግጥም ለሰልፍ የሚወጣ ጨርቅ ላይ የተጻፉ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ተናድጄ ጠመኔ አነሳሁና ርእሱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እንደምጽፈው፣ ክብ ክብ አድርጌ። ልጆቹ የለመዱት ይህንን ነው። ዘይነባም ዝም አለች። ዘይነባ ዝም ካለች ተስማማች ማለት ነው።

የቀረው ቀለም ነበር። ከርእሱ በታች ቀበሮውን መሳል ፈለግሁ። የሳነቴ ቀበሮ ደግሞ ቀይ ነው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ቀይ ላደርገው መሆኑን ስናገር ዘይነባ በሩን ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስማ፣ ቀበሮህ ሌባ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አታላይም ነው?»

«ነው።»

«እና ቀይ ልታደርገው ነው? በዚህ ዘመን?»

ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነበር። ቀይ ሌባ ሥዬ ለመቶ ቤት አድዬ ቢሆን ኖሮ ማን ምን ይል እንደነበር አይታወቅም። አረንጓዴ ቀበሮ የለም። ጥቁር ባደርገው ውሻ ይመስላል።

በማግሥቱ ገበያ ወጣሁ። የሰፌድና የሞሰብ ስንደዶ ማቅለሚያ የሚሸጡ አዴ ከዲጃ የሚባሉ ሴት አሉ። ዱቄቱን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ይደረድሩታል። ካሉት ሁሉ ደምቆ የታየኝ ሐምራዊው ነው።

«ያ በርሲሳ» አሉኝ፣ መምህሩ ማለታቸው ነው፤ «ሰፌድ መስፋት ጀመርክ?»

«ቀበሮ ልቀባበት ነው።»

«አላህ ይርዳህ። ቀበሮው ዝም ብሎ ይቆምልሃል?» ብለው ከጎናቸው ካሉት ሴቶች ጋር ተሳሳቁብኝ።

ካርቶን በቀበሮ ቅርጽ ቀደድኩ። ዱቄቱን በትንሽ ውኃ በጥብጬ፣ በጥጥ እየነካሁ፣ በካርቶኑ ክፍት በኩል ሽፋኖቹን አንድ በአንድ መታሁ። ክፍሌ በሐምራዊ ቀበሮ ተሞላ። ደርቆ ሳየው እንዴት ያምራል!

የመጀመሪያውን ቅጂ ለጓድ በላቸው ወሰድኩ። ጠና ያሉ፣ ኮታቸውን ሳይቆልፉ የማይታዩ ሰው ናቸው። ሽፋኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሳላነበው ለተማሪ አይሰጥም» አሉ። «የከተማው ሰው ቢገዛህ ያንተ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አያውቀውም።»

የኔ ሐሳብ በንባብ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ በነፃ ማደል ነበር። አብዛኛው ወላጅ ገዝቶ የሚሰጥ አይደለም። እሳቸው ካልፈቀዱ የልጆቹ ተረት ልጆቹ እጅ ሳይገባ አልጋዬ ሥር ሊቀር ነው። በሄድኩ ቁጥር መጽሐፏ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከፋይሎች ሥር ተጋድማ አያታለሁ። «ጊዜ አላገኘሁም» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን «ተረት የሚያነብ ጊዜ ያለው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ይመስልሃል?» አሉኝ። ተስፋዬ ተሟጠጠ። ቅዳሜ ገበያ ወስጄ የተወሰኑትን ለወላጆች ሸጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰለፍን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ረጥቧል፤ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ጓድ በላቸው ሰኞ ሰኞ የተማሪዎችን እጅ ይመረምራሉ። ፊታቸውን በአንገት ልብስ ሸፍነው ከቢሯቸው ወጡና በሰልፉ መሃል መሄድ ጀመሩ። አንዷ ልጅ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

የልጅቷ ጣቶች ሐምራዊ ነበሩ። ቀጥሎ የቆመውም ልጅ እንደዚሁ። ከኋላው ያለው ደግሞ ጉንጩ ላይ ጭምር። አንዳንዶቹ እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስንደዶ ከቀለሙ ጋር ይቀቀላል፤ ስለዚህ አይለቅም። እኔ ግን ወረቀት መቀቀል ስለማይቻል በላዩ ላይ እንዲሁ ነው ያደረቅሁት። ላብ ወይም እርጥብ እጅ ሲነካው ይለቃል ማለት ነው።

«በሽታ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ።

«አይደለም» አለች ልጅቷ፤ «የቲቸርን መጽሐፍ አንብቤ ነው።»

ጓድ በላቸው ወደኔ ዞሩ። «ጓድ መምህር! ወደፊት ውጣ!»

ወጣሁ። ፊት ለፊቴ ቆሙ። በሚገባ ሊቆጡኝ የአንገት ልብሳቸውን ወደ ታች ሳቡት።

የታችኛው ከንፈራቸው ሐምራዊ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ምላሳቸውም ሐምራዊ ነው።

ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገጽ የሚገልጡ ሰው መሆናቸውን ያኔ አስታወስኩ። ሳቄ መጣ፤ ፍርሃቴም መጣ። የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ልጅ ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። ከዚያ ሳቁ እንደ ንፋስ በሰልፉ ውስጥ አለፈ።

«ምን ያስቃል?» አሉ። ባሰ።

ዘይነባ ከመምህራን መሥመር ወጣች። ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ መስታወት አወጣችና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጓድ ዳይሬክተር።»

አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። መስታወቱን ኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ የአንገት ልብሳቸውን መልሰው ወደ ላይ ሳቡና፣

«ሰንደቅ ዓላማው ይሰቀል!» አሉ።

በዕረፍት ሰዓት ቢሮ ጠሩኝ። በሳሙና ሲፈትጉ ቆይተው ከንፈራቸው አባብጧል። ሐምራዊው ግን ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም።

«አላነበብኩትም» አሉኝ። «ገለጥ ገለጥ አድርጌ ነው ያየሁት።»

«እሺ፣ ጓድ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

«ያ ጅብ ግን» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፤ «አገሩን ጥሎ ሄዶ የት ገባ? እንዲህ ተትቶ ይቀራል?»

ጅቡ አገር ጥሎ የሚሄደው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

«በሁለተኛው መጽሐፍ እመልሰዋለሁ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ሁለተኛ መጽሐፍ አላሰብኩም ነበር።

«መልሰው። ቀበሮውንም ቀይ አድርገው። እኔ ደሎ መና ሳስተምር በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ የሳነቴ ቀበሮ ቀይ ነው። ሐምራዊ ቀበሮ ብለህ ልጆቹን አታሳስት።»

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ቀይ ያደረግሁ እንደሆነ…»

ምን ልል እንደነበር የገባቸው ይመስለኛል፤ በከንፈራቸው ጥግ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ቡናማ አድርገው። የማይለቅ ይሁን ብቻ። አሁን ሂድና ለልጆቹ አድላቸው። ካነበቡ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።»

ያን ሳምንት የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሥር ሐምራዊ ውኃ ሲወርድ ሰነበተ። እኔ እያንዳንዱን ልጅ አንብበሃል ወይ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እጁን ማየት በቂ ነበር።

ጅቡ በሁለተኛው መጽሐፍ ተመልሷል። የዘይነባ መስታወት ግን አልተመለሰም፤ ጓድ በላቸው ሲዛወሩ ይዘውት ሄዱ። እሷ ዛሬም ስንገናኝ «መስታወቴን ያስበላኸኝ አንተ ነህ» ትለኛለች።

አንድ ቅጂ አስቀምጫለሁ። ቀበሮው ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤት የታተመ፣ ቀለሙ የማይለቅ መጽሐፍም አውጥቻለሁ፤ ሽፋኑም ያምራል። ነገር ግን ማን እንዳነበበው በምን ላውቅ? አንዳንድ ጊዜ አንብቤልሃለሁ ብሎ የሚያመሰግነኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ሳላስበው ከንፈሩን አያለሁ።