መድኃኒቱን ከእኔ በፊት የቀመሰው በግ

ትናንት ረፋድ ላይ የካ ተራራ ሥር፣ አንድ መድኃኒተኛ ደጃፍ ቁጭ ብዬ እንቀጠቀጥ ነበር... ብርዱ አይደለም።

ከትናንት ወዲያ ለንጉሡ አዲስ አዳራሽ ክዳን የሚሆን ሰንበሌጥ ተሸክሜ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ አፉ አረፋ የደፈቀ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም... ነክሶኝ መንገዱን ቀጠለ። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው እንዴት እንደሚሞት ደግሞ አይቻለሁ። ጎረቤታችን ውሃ ባየ ቁጥር እየጮኸ ነው የሞተው። ፈራሁ፤ ወንድ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

መድኃኒተኛው መሪጌታ ወልዴ ይባላሉ። ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሆን ሥር ቀጥቅጠው በወተት ያጠጣሉ። በግ ይዛችሁ ኑ ስላሉን ባለቤቴ አስካለ ያለንን አንድ ጥቁር በግ እየጎተተች መጣች። ለጭዳ መስሎናል... ደዌውን ይዞልኝ እንዲሄድ። ገና ደጃፍ ከመድረሳችን በጉን በዙሪያዬ ታዞረው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ መሪጌታ ብቅ ብለው።

«ለጭዳው ነዋ፣ አባቴ።»

«ጭዳ ማን አለሽ? መድኃኒቱን አስቀድሞ የሚጠጣው እሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። እኔ ልሞት ነው፣ እሳቸው በግ ያክማሉ!

«የተነከስኩት እኔ ነኝ፣ መሪጌታ! በጉማ ጤነኛ ነው!»

«ጤነኛ ስለሆነ እኮ ነው። የታመመ ቢሆን፣ ምን እንደገደለው በምን አውቃለሁ?»

አንድ ዋንጫ ሙሉ በግድ አጠጡት። ለእኔ የተዘጋጀው ዋንጫ አጠገቤ ተቀምጧል። በጉ ምንም ሳይሆን ሣሩን ይነጫል። መጠበቅ አቃተኝ... ዋንጫውን ላነሳ ስል እጄን በመቋሚያ መቱኝ።

«አርፈህ ተቀመጥ!»

ትንሽ ቆይቶ በጉ ሣሩን ተወ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ወደቀ... ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። አስካለ ማንንም ሳትጠይቅ ዋንጫዬን አንስታ ደፋችው። እጄ ላይ መቋሚያው ያረፈበት ቦታ ይቆጠቁጠኛል፤ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«የዘንድሮው ሥር በርትቷል» አሉ መሪጌታ።

«ሁልጊዜ እንዲህ እየሞከሩ ነው የሚሰጡት?» አልኳቸው።

የሞተውን በግ ወደ ዳር ጎተቱት።

«በፊት አልሞክርም ነበር። ታናሽ ወንድሜን ውሻ ነከሰው። ሥሩ አዲስ የተቆፈረ ነው... ቸኮልኩና አጠጣሁት። የውሻ ንክሻ በአንድ ቀን አይገድልም። እሱ ግን በማግስቱ ሞተ።»

ይህን ብለው ከጓሮ የራሳቸውን ፍየል አመጡ። ከመጀመሪያው ሩቡን ብቻ አጠጧት። ተንገዳገደች፣ ተኛች... አስካለ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ዓይኔን ከሆዷ ላይ አልነቀልኩም፤ ሲነፋ እተነፍሳለሁ፣ ሲቆም ትንፋሼም ይቆማል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፍየሏ ተነሥታ የመሪጌታን ነጠላ ጫፍ ማኘክ ጀመረች። ለእንስሳ አልቅሼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ እኔም ሩቡን ጠጣሁ። አንጀቴ እስኪገለበጥ አስታወከኝ፤ ግን አለሁ።

«ዳንኩ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ከመድኃኒቱ ድነሃል» አሉ መሪጌታ። «ከውሻው መዳንህን ግን አርባ ቀን ጠብቀን እናያለን።»

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ አስካለ ውሃ በቅል እየቀዳች ታቀርብልኛለች። ስጠጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች... ከዚያ ደግሞ ሌላ ትቀዳለች።

ውሃውን የምፈራው ውሻው ስለነከሰኝ ይሁን እሷ እንዲህ ስለምታየኝ፣ እሷም እኔም አላወቅንም።