ሪዙን በእንቅልፍ ያጣው ሸማኔ

ሸማኔው የሚሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አገር የሚያስተኛ ዕቃ እያመረተ እሱ ራሱ እንቅልፍ ካጣ ከረመ። ምክንያቱ ፈረቃ ነው። አንድ ሳምንት ጠዋት ይገባል፣ በሚቀጥለው ከሰዓት፣ ከዚያ ሌሊት። ሰውነቱ አንዱን ሊለምድ ሲል ሌላው ይመጣል። ሚስቱም እዚያው ጠርዝ ሰፊ ናት። የእሷ ፈረቃ የእሱን ስለሚከተል ባልና ሚስት የሚገናኙት የፋብሪካው በር ላይ ነው፤ እሱ ሲወጣ እሷ ስትገባ።

"ደህና አደርክ?" ትለዋለች።

"ደህና ዋልሽ?" ይላታል።

"ድንቹ ድስቱ ውስጥ አለ!" ብላ ትሮጣለች። ትዳራቸው ይኸው ነበር።

ያ ሳቂታ ሰው ቀስ በቀስ ሆደ ባሻ ሆነ። ሽንኩርት ሳይከትፍ ያለቅሳል። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲነጥር በመስኮት ብቅ ብሎ "ማሽኑን አጥፉ!" እያለ ይጮሃል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እማማ "ልጄ፣ ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ?" ቢሉት "ክር አለቀ" ብሏቸው አለፈ።

እማማ ወዲያው ሚስቱ ዘንድ ሄዱ። "ባልሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። እኔ ስለ ፊቱ ስጠይቀው እሱ ስለ ክር ያወራል።"

ነገሩ የለየለት ግን ፀጉር ቤት ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በጠዋት ሪዙን ሊያስተካክል ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ፀጉር አስተካካዩ እንዳይቀሰቅሰው ትንፋሹን ውጦ ሲሠራ ደጅ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሸማኔው "ፈረቃ ደረሰ!" ብሎ ብድግ! ምላጩ የሪዙን ግራ ክንፍ ጠራርጎ ወሰደው።

"ወንድሜ፣ ቀኙንም ልላጭልህ፣ እኩል ይሁን" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ላብ አጥምቆት።

"እንዳትነካው! የቀረኝ እሱ ብቻ ነው!" ብሎ እንባውን ለቀቀው።

ሚስቱ ከሥራ ገብታ ስታየው ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስታይ ግን ሳቋ ደረቀ። በማግስቱ እጁን ይዛ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ሁሉንም አዳመጠችና "አእምሮም እንደ ሆድ ሰዓቱን ይፈልጋል። የታመምከው ፈረቃህን ነው" አለችው።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ፈረቃ ኃላፊው ቢሮ ዘለቁ።

"ፈረቃ የሚዞረው ለፍትሕ ነው" አለ ኃላፊው። "ሌሊቱን ማን ይወዳል?"

"ጠይቀው ያውቃሉ?" አለች ሚስት።

ኃላፊው ሳቀ። "በይ ነይ፣ እንጠይቅ!" ብሎ ወደ ምሳ አዳራሹ ይዟት ሄደ። ሸማኔው እዚያው ቢሮ ቀረ።

"ሌሊት ብቻ መሥራት የሚፈልግ አለ?" ብላ ጮኸች። ከጥግ አንድ እጅ ወጣ። "ጉጉት" የሚሉት ሌላው ሸማኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ምላሱ ከመርፌ ስለሚብስ እኩለ ቀን ሳያልፍ ሰላም የሚለው ሰው የለም።

"እኔ ጠዋት ሰው አይደለሁም" አለ። "ፀሐይ ካልገባች አልነቃም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?" አለ ኃላፊው።

"ማን ጠየቀኝ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነዋ።"

ቀን ቀን እናቷን የምታስታምም አንዲት ጠርዝ ሰፊም እጇን አነሳች። ኃላፊው አገጩን እያሻሸ ወደ ቢሮው ሲመለስ ሸማኔው የእሱን ወንበር ይዞ ያንኮራፋል። ቆሞ ሲያየው ቆየና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ጉጉትና ጠርዝ ሰፊዋ ሌሊቱን ወሰዱ፤ ባልና ሚስቱ የጠዋቱን። የሸማኔው እንቅልፍ ተመለሰ፣ ሳቁም ተከተለ፣ ሪዙም ግራና ቀኝ ተካከለ። ጉጉት እንኳ ሰው ሰላም ማለት ጀመረ። ባልና ሚስት እራት አብረው ሲበሉ መጀመሪያ ላይ እንደ ሙሽሮች ነበሩ። ኋላ ግን እሱ ሾርባ ሲጠጣ እንደ ቧንቧ እንደሚጮህ፣ እሷም ዜና ሲነበብ ከአንባቢው ጋር እንደምትከራከር ተገለጠ።

"አንቺ፣ ድሮም እንዲህ ነበርሽ?"

"አንተስ ድሮም እንዲህ ነበርክ?"

ጭቅጭቁ ሰፈር ሲያናውጥ እማማ በሩን አንኳኩ። "ምን ሆናችሁ ልጆቼ?"

"ተገናኘን፣ እማማ!" አለች ሚስት ከውስጥ።