የአያቴ ጋቢ በማጉያው ሳጥን ውስጥ

ዛሬ ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ውስጥ የአያቴን ጋቢ አወጣሁ።

ሳጥኑ አባቴ በጃንሆይ ዘመን እዚሁ ጎንደር ለደብራችን የሠራው ነው። ከበሮ ከሚሠራበት ከዋንዛ እንጨት ነው። ድምፁ ቢቆራረጥ ልጠግነው ቤት አመጣሁት።

ጀርባውን ስፈታው፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ውስጡ በጨርቅ ተለብጧል። ቡትቶ መስሎኝ ልጥለው ስል እናቴ ጥለቱን አየችና እጄን ያዘችኝ።

"ምነው ልጄ፣ የመሪጌታ ጋቢ እኮ ናት።"

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። "ዜማ ከጉሮሮ እንጂ ከሳጥን አይወጣም" ስላሉ፣ እስኪያርፉ ድረስ ማጉያ የደብሩን ደጅ አላለፈም። ሲያርፉ ጋቢያቸው ለነዳያን ሊሰጥ ቢፈለግ ጠፋ። እናቴ እስከ ዛሬ የምትጠረጥረው አንድ ለቀስተኛ ነበር። ነፍሱን ይማር፣ ሰውየው ንጹሕ ነው።

እናቴ ጋቢውን ዘርግታ ጥለቱን ዳበሰች።

"ለካስ የወሰደው አባትህ ነው" አለች። "አባቱ ከማኅሌት እንዳይቀሩ ብሎ።"

የማጉያው ችግር የላላ ሽቦ ነበር። ከፒያሳ የገዛሁትን ስፖንጅ ትቼ፣ ጋቢውን አራግፈን መልሰን ለበጥንበት።

ልሞክረው ዜማ ስከፍት፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ቆመች።

እናንተስ፣ የሞተ ሰው ልብስ ካላሰባችሁት ቦታ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?