የእናቴ አስተያየት በሌላ ሰው አፍ

ቅናት የወጣትነት በሽታ ይመስለኝ ነበር። አርባን ካለፍኩ፣ ትዳር ይዤ ልጆች ካሳደግሁ በኋላ በእናቴ ተከራይ እቀናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ቀናሁ። ያውም በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሰበብ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ በምኖርበት ቤቴል ካለች ካፌ የምንገናኝ ጥቂት ሴቶች ነን። መጽሐፍ እንነጋገራለን ብለን ነው የጀመርነው፤ ስለ ባሎቻችን የምናወራበት ቀን ይበልጣል። ያን ሰሞን የያዝነው ልቦለድ አጭር ነው። ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ትመለሳለች። እናት በሩን ከፍታ ታስገባታለች፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ “ምን ሆነሽ ነው?” ብላ አንድም ቀን አትጠይቃትም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ እኛን ግን ለሁለት ከፈለን። ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን “እናትየዋ ልበ ደንዳና ናት” አለች። ፋርማሲ ያላት ደግሞ “ልጅቱ ናት እንጂ፣ ይሄን ያህል አድጋ ካልለመኗት አትናገርም እንዴ?” አለች። ነገሩ ሲካረር ታላቃችን ጣልቃ ገባች። “ሁላችንም እንደ ልጅ ነው የምንፈርደው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸውና ያሉትን ይዛችሁ ኑ።”

የኔ እናት ያለችው ቀራንዮ፣ እኔ በተወለድኩበት ግቢ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሰርቪስ ቤቱን ለአንዲት ወጣት አከራይታለች። ልጅቱ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እናቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። ዝምተኛ ናት፣ ንባብ ትወዳለች። ወደ ቅዳሜው ስብስባችን ያመጣኋትም እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ።

እሁድ መጽሐፉን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴም እኔ ስመጣ ሁልጊዜ የምትሆነውን ሆነች። ነጠላዋን አጣፋች፣ የሶፋውን ልብስ አስተካከለች፣ ከቡፌው መስታወት ኋላ የሚቀመጡትን ሳህኖች አወጣች። አንድ ገጽ ሳነብላት ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ሁለተኛውን ስጀምር እርጎው ትዝ ይላታል። ያገባች ልጅ እናቷ ቤት እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ በኛ ቤት ያበሉታል እንጂ የሆድን አያወሩትም። እየጎረስኩ “እናትየዋ እንዴት ናት ታዲያ?” ብዬ ጠየቅኋት። “ጥሩ ነው፣ ጥሩ ጽፈዋል፣ እግዜር ይስጣቸው” አለችና ወጥ ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ “እናቴ ጥሩ መጽሐፍ ነው ብላለች” አልኩ። ባለፋርማሲዋን ሳቅ አፈናት። ከኔ ቀጥላ የተቀመጠችው ተከራይዋ ነበረች። እናት የላትምና ተራዋን ታልፋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ፣ “እኔ የተባልኩት እንዲህ ነው” አለች። “‘መጠየቅማ ቀላል ነው። ከጠየቅኋት ለኔ የሚስማማ መልስ አሰናድታ ትሰጠኝና ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ካልጠየቅኋት ግን እስኪወጣላት አብራኝ ትቀመጣለች። እናትየዋ ደንዳና አይደለችም፤ ቤቱ ጭር ብሎባት ነው።’”

ባንክ የምትሠራው “የማን እናት ናት እንዲህ ያለችው?” አለች። ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

“የእሷ እናት ናቸው።”

ሁሉም “ምነው እንዲህ ያለች እናት ደብቀሽን?” እያሉ ተንጫጩብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ቆሽቴ ግን አሯል። ቤቱ ጭር ብሎባታል። ይህን ከእናቴ አፍ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ስጠይቃት ሁልጊዜ “ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለኝ” ነው የምትለኝ።

ስንወጣ ልጅቱን እስከ ታክሲው ሸኘኋት። መሸኘቴ እንኳ ለመመርመር ነበር።

“መቼ ነው ያነበብሽላት?”

“ከሥራ ስገባ ነዋ። እሳቸው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኔ አነባለሁ። ነገሩ ሲያናድዳቸው ቢላዋውን አስቀምጠው ይከራከሩኛል። አንዳንዴ እስከ መሳደብ ይደርሳሉ” አለችና ሳቀች።

እናቴ ስትከራከር አይቻት አላውቅም። እኔ የማውቀው ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ወጥ ውስጥ ገብቶ የሚጠብቀኝን ሽንኩርት ነው። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ሲሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የሩቅ ዘመዷ እኔ መሆኔን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለመሆኑ ቤቴል ከቀራንዮ ሩቅ ነው? ሳምንቱን ሙሉ ልጅቱን ከግቢው ለማስወጣት ሰበብ ስፈልግ ሰነበትኩ። ሰው አታመጣ፣ ሙዚቃ አታስጮህ፣ ጠዋት ስትወጣ ደጃፉን እንኳ ጠርጋ ነው የምትሄደው። አንድ ነውር ባገኝባት እንዴት ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ እሁድ ምሳ በልቼ ቀራንዮ ሄድኩ። እህል አልቀምስም ብዬ በአባቴ ነፍስ ማልኩባት። ከፋት፤ ግን ከመሐላ በኋላ ምን ታደርጋለች? ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀበሌ ስብሰባ የተጠራች ይመስል ቀጥ አለች። የመጽሐፉ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ የሚጣሉበትን ምዕራፍ መርጬ አነበብኩላት፤ ትናደዳለች ብዬ ነበር። ቆም ባልኩ ቁጥር “እሺ” ትለኛለች። ምዕራፉ አለቀ። መጽሐፉን ዘጋሁትና ተናገርኩት።

“ለተከራይሽ ያወራሽውን ለምንድነው ለኔ የማታወሪኝ? ቀንቻለሁ፣ እማ።”

ደነገጠች። እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። ከሰው ሁሉ የምታስበልጠው እኔን መሆኑን ልታሳየኝ ፈልጋ ፊቷ ሁሉ ለሰለሰ።

“በሷ ነው የምትቀኚው? እሷ ስታነብማ ሽንኩርቴን ልጬ ስጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ የኔ ልጅ። ትከሻዋ ላይ ጋደም ብዬ እንደ ሕፃን ነው የማንኮራፋው። ያንቺን ግን፣ አየሽኝ አይደል? ዓይኔን ሳልጨፍን ነው የሰማሁልሽ።”